የእርሻ ውኃ ሲዛወር ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚመረምር የጥናት ጓድ በእነማን ይቋቋም? የመሐል ሜዳን አካባቢ ምሳሌ በማድረግ

ውኃን ከእርሻ ማዛወር ስንል አንድ መንደር በልማድ ወይም በሕግ ሲጠቀምበት የኖረውን ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ቦይ በከፊል ወይም በሙሉ ጠልፎ ለሌላ አገር እርሻ፣ ለከተማ መጠጥ፣ ለፋብሪካ ወይም ለኤሌክትሪክ ኃይል ማዋል ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ በተነሣ ቁጥር «ባለሙያዎች ያጥኑት» ይባላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የትኞቹ ባለሙያዎች? ስንት ሆነው? በማን ተመርጠው? ከየት ጀምረው? የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህ የታለፉ ጥያቄዎች ከልኬቱና ከሒሳቡ የማያንስ ክብደት ያላቸው መሆኑን ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱም በጓዱ ውስጥ ጠያቂ ያጣ ጉዳት በሪፖርቱም ውስጥ አይገኝም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ አገር መርጠን እንመልከተው። መሐል ሜዳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የጌራ ምድር ከተማ ናት። መንዝን በደቡብ ሞፈር ወንዝ፣ በሰሜን ቀጨኔ ወንዝ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት ያዋስኑታል፤ በምሥራቅ ያለው ረጅም የተራራ ሰንሰለት ደግሞ ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ ይለየዋል። በዚህ ሰንሰለት ራስ ላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ድረስ ከፍ የሚለው የጓሳ የሣር አገር ይገኛል። ጓሳ ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበትና ገመድ ከሚገመድበት ሣር ነው። ሣሩና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ እንደ ሰፍነግ መጥጠው ይይዙና በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። የመንዝ ገበሬ በኅዳርና በጥር ምንጩ ሲፈስ የሚያየው ከዚህ የተነሣ ነው።

በጓሳ አናት ላይ የወረደ ዝናብ ሁሉ አንድ ዕጣ የለውም። በምዕራብ ገጽ የወረደው የመንዝን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብጽን አልፎ ከባሕር ይደርሳል። በምሥራቅ ገደል የወረደው ግን ወደ ቆላው ወርዶ የአዋሽ ተፋሰስ ውኃ ይሆናል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ስለዚህ በዚህ ተራራ ላይ አንዲት ትንሽ ቦይ አቅጣጫዋን ብትለውጥ ውኃው የሚሄደው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ገበሬው ይህን በካርታ ባያውቀውም በእግሩ ያውቀዋል። በየትኛው ጅረት ማን ከብት እንደሚያጠጣ፣ በየትኛው ወር የትኛዋ ምንጭ እንደምትነጥፍ ቢጠይቁት ሳያመነታ ይናገራል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሣ፤ የታቀደ ሥራ ሳይሆን ለማስረጃ ያህል የቀረበ ነው። በተራራው ሥር በሴኮንድ 10 ሊትር የምትሰጥ ምንጭ አለች እንበል። በቀን 864 ሜትር ኩብ ውኃ ትሰጣለች ማለት ነው። በመስኖ መሐንዲሶች ዘንድ በበጋ ለአንድ ሄክታር በሴኮንድ አንድ ሊትር ያህል መመደብ የተለመደ ግምት ስለሆነ ይህች ምንጭ ወደ 10 ሄክታር ታለማለች። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሩብ ሄክታር የመስኖ መሬት ቢኖረው 40 ቤተሰብ ይጠቀማል። ይህንኑ ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማ ብንወስደውና ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብ ግን 43,200 ሰው ያጠጣል። አርባ ቤተሰብ በአንድ ወገን፣ አርባ ሦስት ሺህ ሰው በሌላ ወገን! በወረቀት ላይ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ከተማው ውኃ አይጠጣ የሚል ሰው የለም። ሆኖም ይህ ሒሳብ በአንድ ብዕር ብቻ የተሠራ ነው። አንደኛ፣ 10 ሊትር የተባለው በየትኛው ወር ነው? በመስከረም የተለካች ምንጭና በግንቦት የተለካች ምንጭ አንድ አይደሉም። በመንዝ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የበልግ ዝናብ ለገብሱ ወሳኝ ነው፤ በልጉ ከቀረ ያች ምንጭ ለምግብም ለዘርም የመጨረሻ ተስፋ ትሆናለች። የዓመቱን ውኃ በ12 ወር አካፍሎ አማካዩን ማቅረብ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ማሳ የገባው ውኃ ሁሉ ሰብሉ የጠጣው አይደለም። ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርግና ዝቅ ብሎ እንደገና ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ሁለተኛ ምንጭ ሌላ መንደር ይቀዳዋል፣ በጎችም ይጠጡታል። ውኃው በቧንቧ ሲሄድ ያ ሁለተኛው መንደር ያለ ደብዳቤና ያለ ካሣ ውኃውን ያጣል። ስሙ በአርባዎቹ ቤተሰቦች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ አቤት ቢልም የሚሰማው አይኖርም። ሦስተኛ፣ በመስኖው ጥግ የሚበቅለው ሣር የመንዝን በግ በበጋ ያቆየዋል፤ በጉ ሥጋም ነው፣ ገንዘብም ነው፣ ባና የሚሠራበት ጠጉርም ነው።

እንዲህ ያሉትን ከሻጭና ከገዢ፣ ከሰጪና ከተቀባይ ውጭ ያሉ ተጎጂዎች የዘርፉ ሊቃውንት «ሦስተኛ ወገን» ይሏቸዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1992 በምዕራብ አሜሪካ ስለሚደረገው የውኃ ዝውውር ባሳተመው ጥናት ዋናውን ስፍራ የሰጠው ለእነዚሁ ሦስተኛ ወገኖች ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውም አሳቡን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ የኢምፔሪያል ሸለቆ የመስኖ ድርጅት ለሳን ዲዬጎ ከተማ በዓመት እስከ 247 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚደርስ ውኃ ለማስተላለፍ ተዋዋለ። ገበሬዎቹ ገንዘብ አገኙ፤ ከተማውም ውኃ አገኘ። ነገር ግን በአካባቢው ያለው የሶልተን ሐይቅ የሚኖረው ከእርሻዎቹ በሚተርፈው ውኃ ነበር። ሐይቁን ለማቆየት ይለቀቅ የነበረው ማካካሻ ውኃ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ሲያበቃ ዳርቻው በፍጥነት መሸሽ ጀመረ። ከደረቀው የሐይቅ ወለል የሚነሣው አቧራም ውሉን ያልፈረሙ ሰዎች የሚተነፍሱት ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ትልቁ ትምህርት ቤት አዋሽ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በኩል ሶግሬያ የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ ያካሄደው የተፋሰሱ ጥናት በ1957 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በሥራነቱ የሚደነቅ ጥናት ነበር፤ አፈሩን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የወንዙን መጠን፣ ውኃ የሚከማችበትን ስፍራና ለመስኖ የሚሆነውን መሬት ዘርዝሯል። ማዕከሉ መስኖና ኤሌክትሪክ ነበር። ይሁን እንጂ ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ የሚያጠጣው ሜዳ የአፋር ከብት አርቢ የበጋ ግጦሽ ነው። ለመሐንዲሱ «ባዶ» የነበረው መሬት ለአርቢው በዓመቱ ክፉ ወራት የሚሸሽበት ጎተራው ነበር። ሜዳው ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ሆነ፤ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አርቢው የሚሸሽበት አጣ፣ ከብቱም አለቀ። ዝናቡን ያስቀረው እርሻው ነው የሚል የለም። ይሁን እንጂ ድርቁን ለመቋቋም ይረዳ የነበረው መሬት ቀድሞ ተወስዶ ነበር። ከጥናቱ አባሎች አንዱ ከአንድ የአፋር ጎሣ ጋር አንድ በጋ ውሎ ቢያድር ኖሮ ይህን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ባላስፈለገው ነበር።

ስለሚተርፈው ውኃም አዋሽ የሚያስተምረን አለ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የባቡሩንና የመኪናውን መንገድ እስከ መፈታተን ደረሰ። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንት ተከራክረዋል፤ ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ውኃ አለበት፣ ከዙሪያው መስኖ የሚሰርገውም አለበት። በአሚባራ ደግሞ በ1970ዎቹ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ወጥቶ ጨው አፈሩን ስላበላሸው ብዙ ታርሶ የነበረ መሬት ከእርሻ ውጭ ሆነ። እንግዲህ በካሊፎርኒያ የተረፈው ውኃ በመቅረቱ ሐይቅ ሲደርቅ፣ በአዋሽ የተረፈው ውኃ በመብዛቱ ሐይቅ አበጠ፣ መሬትም ጨው ሆነ። በሁለቱም ዘንድ የጎደለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተርፎ የሚሄደው ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ መጠጥ ሆኖ ሲያገለግል፣ በዙሪያው ደግሞ ገበሬው ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። ከተማው ጨመረ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ በዛ፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ሐይቁን ሞላው፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በከፊል ውኃ ተመልሶበታል። ሐይቁ የሚገኘው የታወቀ የእርሻ ኮሌጅ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም ደጃፍ ነው። የአፈር፣ የውኃ፣ የሰብልና የኤኮኖሚ አዋቂ በአካባቢው አልጠፋም፤ ስለ ሐይቁም ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ብዙ ባለሙያ መኖሩና ጓድ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ጓድ ማለት አንዱ የሌላውን ጥያቄ ለመመለስ የሚገደድበት፣ የወጣውም ቃል ውኃ የመቁረጥና የመፍቀድ ሥልጣን ካለው ሹም ዘንድ የሚደርስበት ማኅበር ነው።

ታዲያ በመሐል ሜዳው ምሳሌያችን ማን ማን ይግባ? በእኔ አስተያየት አባሎቹን የምንመርጠው ከሙያ ዝርዝር ላይ ሳይሆን ከውኃው መንገድ ላይ ነው። ውኃው ከሚመነጭበት እስከሚያልቅበት ድረስ ተከትለን ስንሄድ በየደረስንበት «ይህን ማን ያውቃል?» ብለን እንጠይቅ።

ከላይ ከጓሳ ስንጀምር የሣርና የአራዊት አዋቂ ያስፈልጋል፤ ረግረጉ ቢደርቅ የሚጎዱት ምንጮቹ ብቻ አይደሉም፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ቀጥሎ የከርሰ ምድር ውኃ አዋቂ ይመጣል። የሰሜን ሸዋ ተራራ በንብርብር የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው በተሰነጠቀው ንብርብር ውስጥ ይሄድና ውኃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ሲያጋጥመው በጎን በኩል ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ተራራ ጎን ላይ ያለች ምንጭ ስትቆፈር የሌላው ጎን ምንጭ ትጎድል እንደሆነ የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው። የወንዙን መጠን የሚለካው ባለሙያ፣ የሰብሉና የአፈሩ ባለሙያ፣ የከብቱ ባለሙያ በየተራ ይከተላሉ፤ ስለነዚህ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ማንም ጓድ የሚያቋቁም ሰው አይረሳቸውምና።

የሚረሱት ሌሎች ናቸው። አንደኛው የማኅበራዊ ኑሮ አጥኚው ነው። ቢጠራም ብዙ ጊዜ የሚጠራው መጨረሻ ላይ፣ ቦዩ የት እንደሚያልፍ ከተወሰነ በኋላ፣ ሕዝቡን «ለማስረዳት» ነው። ይህ አገባብ ሙያውን ወደ ስብከት ይለውጠዋል። እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ ቢገባ የሁለተኛውን መንደር ምንጭ በመጀመሪያው ሳምንት ይደርስበት ነበር፤ የውኃ መጠን ለኪውም መለኪያውን የት እንደሚተክል ከእርሱ ይማራል።

ሁለተኛው የሚረሳ ሰው ሴት ተመራማሪ ናት። ለቤት የሚሆነውን ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ምንጭ በአንድ ሰዓት መንገድ ሲርቅ የሚጨመረው ድካም በእነርሱ ጀርባ ላይ ነው። ወንድ አጥኚ ከወንድ አባወራ ጋር በጥላ ሥር ተቀምጦ ሲነጋገር ይህ አይነሣም፤ ቢነሣም በአንድ ቃል ይታለፋል። አንድ ቀን ከቀጂዎቹ ጋር ወደ ምንጭ ወርዳ ተራ ጠብቃ የምትመለስ አጥኚ ግን የመንገዱን ርዝመት፣ የመጠበቂያውን ጊዜና የጀሪካኑን ቁጥር ይዛ ትመለሳለች።

ሦስተኛው የውኃ አባት ነው። በአማራ አገር የመስኖ ውኃ ባለበት ብዙ ስፍራ ተራ የሚያስይዝ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ ሰው ከመንደሩ ይመረጣል፤ የውኃ አባት ይሉታል። በትግራይ አቦ ማይ ይባላል። የውኃ አባት ስለ አንድ ቦይ የሚያውቀው የቃል ታሪክ ነው፤ ማን መጀመሪያ ቆፈረው፣ በድርቅ ዓመት ተራው እንዴት ተለወጠ፣ የላይኛው መንደር ለታችኛው ስንት ሌሊት ለቀቀ። ይህ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ ቤት አይገኝም። አንዳንድ ሰዎች እርሱን መረጃ ሰጪ እንጂ የጓድ አባል ማድረግ አይገባም ይላሉ፤ የራሱ ጥቅም አለበትና። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ሆኖም ከላይኛውም ከታችኛውም መንደር አንዳንድ የውኃ አባት ቢገቡ አንዱ የሌላውን ማጋነን ያርመዋል፤ ከተማ የተማረ ባለሙያ ደግሞ ጥቅም የለበትም ያለው ማን ነው?

መንዝ ለዚህ የራሱ ምስክር አለው። የጓሳ ሣር ለብዙ ትውልድ ሳይጠፋ የኖረው ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት አገሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከአፅመ ርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ መሠረቱ ተናጋ፤ ቆይቶም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞታል። ያለ መለኪያ መሣሪያ ሣሩን ለዘመናት ያስተዳደረ ሕዝብ ስለ ውኃው የሚለው ነገር በጓዱ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ይገባዋል።

አራተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ውኃው በምዕራብ ከተዛወረ አማርኛ ይበቃ ይሆናል። በምሥራቅ ወደ ቆላው ከወረደ ግን ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ ዝቅ ሲል አፋሩም ጉዳዩ ነው። በአስተርጓሚ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ለአስተርጓሚው የሚስማማውን ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አባል ከቆላው ተወላጆች ቢሆን ይሻላል።

ሕግ አዋቂም ያስፈልጋል፤ ሥራው ግን ረጅም አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በመስኖ የሚጠቀም የላይኛው ሰው ለመጠጥና ለከብት የሚጠቀመውን የታችኛውን እንዳይጎዳ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት አገልግሎት የሚውል ውኃ ከሌላው ሁሉ እንዲቀድም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ነገር እንዲጠና ያስገድዳል። ሕግ አዋቂው እነዚህን ከልማዱ ጋር አስተያይቶ የሚጋጩበትን ስፍራ ያሳያል። «ለቤት አገልግሎት» የሚለው ቃል የከተማውን ቧንቧ ብቻ ሳይሆን የሁለተኛውን መንደር ምንጭም የሚያካትት መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

ስለ ሰብሳቢው አንድ ነገር ልበል። መሐንዲስ ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ እንጂ ሰብሳቢው መሐንዲስ ባይሆን እመርጣለሁ። መሐንዲስ በተፈጥሮ ትምህርቱ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ይጠይቃል፤ የዚህ ጓድ ጥያቄ ግን «ቢሠራ ማን ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚያሳስበው የገንዘቡ ነገር ነው። ቦዩን የሚቆፍረው ድርጅት ጥናቱን የሚከፍል፣ አባሎቹንም የሚመርጥ ከሆነ ጓዱ የጠበቃ ጓድ ይሆናል። ገንዘቡ በሦስተኛ እጅ በኩል ቢመጣ፣ አባሎቹንም ሁለቱ ወገኖች በእኩል ቢያቀርቡ፣ ሰብሳቢውን ደግሞ አባሎቹ ራሳቸው ቢመርጡ ይሻላል። የጓዱ ቁጥር ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ሁሉም ምዕራፉን ለየብቻው ጽፎ ያስረክባል፣ የሌላውንም ሳያነብ ይለያያል።

ጊዜውስ? ከአንድ ሙሉ ዓመት ያነሰ ጥናት በደጋ አገር ዋጋ የለውም፤ ሁለት በልግ ቢያይ እጅግ ይሻላል። በጥቅምት ወር አገሩ ለምለም ሆኖ፣ መንገዱም ደርቆ ሲመቸው ብቻ የሚመጣ ጓድ የሚያየው ሌላ አገር ነው።

የእኛ የተማሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። ባለሙያ ለአንድ ዓመት በአንድ ምንጭ ራስ ላይ አይቀመጥም፤ የአካባቢው ተማሪ ግን ይችላል። መሣሪያውም ውድ አይደለም። ምንጩ ትንሽ ከሆነ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከአፉ ሥር ደግኖ በሰዓት መቁጠር ነው፤ በ4 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ 5 ሊትር ይሰጣል። ጅረት ከሆነ ቀጥ ያለ ስፍራ መርጦ 10 ሜትር መለካት፣ ደረቅ እንጨት ጥሎ የሚወስደውን ጊዜ መያዝ ነው። እንጨቱ በ20 ሴኮንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው። የጅረቱ ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሁለቱን በማባዛት 0.12 ካሬ ሜትር እናገኛለን፤ ይህን በፍጥነቱ አባዝተን፣ የላይኛው ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን እንደገና በ0.85 ስናባዛው በሴኮንድ 51 ሊትር ይሆናል። ይህ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ተለክቶ በደብተር ቢጻፍ በዓመት 52 ቁጥር ይገኛል፤ ከአንድ የባለሙያ ጉብኝት ይልቅ ይታመናል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው በኩል የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔት ያወጡ ነበር፤ ያንን የመሰለ ትጋት ለየመንደሩ የውኃ ተራ ቢውል ማንኛውም ጓድ ሥራውን ከባዶ ባልጀመረ።

ሪፖርቱ ሲያልቅ የሚነበብበት ስፍራም የጥናቱ ክፍል ነው። በመሐል ሜዳ በገበያ ቀን፣ በቆላውም እንዲሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ከመቅረቡ በፊት በሕዝቡ ቋንቋ ይነበብ። የተቃወመ ሰው ቃሉ ይጻፍና ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ። ከአባሎቹም በድምዳሜው ያልተስማማ ቢኖር አሳቡን በራሱ ስም ለብቻው እንዲያሰፍር መብት ይኖረው፤ ይህ በመቋቋሚያው ደብዳቤ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ የሚፈቅድለት አያገኝም።

ውኃው ከተዛወረ በኋላም የመጠን ለኪውና የማኅበራዊ ኑሮ አጥኚው በሁለተኛው ዓመት በልግ ተመልሰው፣ ያንኑ ጀሪካን ይዘው፣ እዚያችው ሁለተኛዋ መንደር ምንጭ ላይ መቆም ይኖርባቸዋል። ለዚህ ጉዞ የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀት ላይ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቦዩ ከተመረቀ በኋላ ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ሹም እምብዛም አይገኝም።